ከእርሾ እስከ ኪምቺ፦ ለአንጀት የሚስማሙ የዓለም ምግቦች

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤች አይ ቪ/ኤድስና የጤና ክበብ ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

 

የክበባችሁ አባላት ሲጋብዙኝ «ስለ ምግብ የሚጠቅመንን ይንገሩን» ነበር ያሉኝ። ምግብ ደግሞ ባሕር ነው፤ ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል? ስለዚህ የጥያቄ ሳጥናችሁን ተጠቀምኩበት። ስም ያልተጻፈባቸው ብዙ ወረቀቶች ደረሱኝ። ገሚሱ ስለ «ጨጓራ» ነው። ሌላው ስለ ሆድ መንፋትና ስለ ሆድ ድርቀት ነው። ከሁሉም ውስጥ ግን አንዲት ወረቀት እንዲህ ትላለች፤ «ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሽሮ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። በርገርና ችፕስ ለሰውነት አይሻልም ወይ? እኛ ቤት አቅም ስለሌለ ነው እንጂ።»

ይህቺን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኳት። ዛሬ የምናገረው አብዛኛው ነገር ለእሷ መልስ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

መልሴን ከሩቅ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ሁለት ቡድን ሰዎች መረጡ። ሃያዎቹ ፒትስበርግ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ሃያዎቹ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የክዋዙሉ ገጠር ነዋሪዎች። ለምን እነዚህ ተመረጡ? በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የትልቁ አንጀት ካንሰር በብዛት ይታያል፤ በደቡብ አፍሪካ ገጠር ግን እምብዛም የለም። የሁለቱም የዘር ሐረግ ከአፍሪካ ነው፤ ገበታቸው ግን ለየቅል ነው። እና ምን አደረጉ? ገበታቸውን ለሁለት ሳምንት አቀያየሯቸው! አሜሪካውያኑ የበቆሎ ገንፎ፣ ባቄላና አትክልት እንዲበሉ ተደረገ። የገጠሮቹ አፍሪካውያን ደግሞ በርገር፣ የተጠበሰ ድንችና ሌላም ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ ቀረበላቸው።

የአሜሪካውያኑ የአሰር መጠን በቀን ከ14 ግራም ወደ 55 ግራም ከፍ አለ። የአፍሪካውያኑ ከ66 ግራም ወደ 12 ግራም አሽቆለቆለ። አሰር ስል ግር እንዳይላችሁ። ፋይበር ሲባል የሰማችሁት ነው፤ የእህሉ፣ የጥራጥሬው፣ የጎመኑና የፍራፍሬው ክፍል ሆኖ ጨጓራችንና ትንሹ አንጀታችን ሊፈጩት ያልቻሉት ማለት ነው።

ውጤቱን ስሙ። አሥራ አራት ቀን ሳይዘል በአሜሪካውያኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ይታይ የነበረው የመቆጣት ምልክት ቀነሰ። በአፍሪካውያኑ ላይ ተቃራኒው ሆነ፤ ለካንሰር መጋለጥን የሚጠቁሙ ምልክቶች ጨመሩ። ካንሰር ያዛቸው እያልኩ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ካንሰር አያመጣም፣ አይፈውስምም። ጥናቱም የተደረገው በአርባ ሰው ላይ ብቻ ነው። ቢሆንም እኔን የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። የእኛ የባዮሎጂ መጻሕፍት አንጀትን እንደ ቧንቧ ነበር የሳሉልን። ቧንቧ ደግሞ በሁለት ሳምንት እንዲህ አይለወጥም።

ታዲያ የተለወጠው ማን ነው? አንጀቱ ውስጥ ያሉት ነዋሪዎች ናቸው። በትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ባክቴሪያ ሲባል ኮሌራና ቲቢ ብቻ የሚመጣባችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኛም የተማርነው እንደዚያ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም፤ ብዙዎቹም ሠራተኞች ናቸው። እኛ መፍጨት ያልቻልነውን አሰር ተቀብለው ያብላሉታል፤ ሲያብላሉት ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛ ስንቃቸው ይኸው ቡቲሬት ነው። በዚያ ጥናት ላይ አሰሩ ሲጨምር ቡቲሬቱ ጨመረ፣ አሰሩ ሲቀንስ ቀነሰ። ስለዚህ ከምሳ ዕቃው ሽሮ ለባለቤቱም ድርሻ አለ፣ ለእነሱም ድርሻ አለ። በነጭ ዳቦ በተሠራ በርገር ውስጥ ግን ለእነሱ የሚደርሳቸው ኢምንት ነው።

ይህን ነገር ቀድሞ የጠረጠረ አንድ ሐኪም ነበር፤ ዴኒስ በርኪት ይባላል። አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ዑጋንዳ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በስሙ የሚጠራውን የሕፃናት ካንሰር ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀውም እሱ ነው። በዑጋንዳ ገጠር ሲሠራ በአገሩ ሆስፒታሎች የሞሉት በሽታዎች፣ ኪንታሮቱ፣ የትርፍ አንጀት ሕመሙ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰሩ፣ እዚህ ብርቅ ሆኑበት። ምን እየበሉ ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያም አልፎ፣ አትሳቁ እንግዲህ፣ የበሉት እንዴት እንደሚወጣ መረመረ። እሱና ባልደረቦቹ ለሰዎች በራጅ የሚታዩ ትንንሽ ፍሬዎች አስዋጡና ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ቆጠሩ፤ ዓይነ ምድርንም መዘኑ። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት፣ በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ባልደረቦችና በሚስቶቻቸው ሆድ ውስጥ ምግብ በአማካይ 83 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ በዑጋንዳ ገጠሬዎች ሆድ ውስጥ 36 ሰዓት ገደማ። ክብደቱስ? የእንግሊዞቹ በቀን ከ100 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ የዑጋንዳውያኑ 470 ግራም። (ከኋላ የምትስቁት፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስቄያለሁ።)

በርኪት ያለው ሁሉ ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ዋናው ሐሳቡ ግን ቆሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰፊ ግምገማ፣ ብዙ አሰር የሚበሉ ሰዎች ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ በልብ በሽታ፣ በስኳር በሽታና በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዛቸው መጠን ከ15 እስከ 30 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያም ከአሥር ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ሁሉም ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። እስቲ እናስላው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 8 ግራም ያህል አሰር አለው። መቶ ግራም የተቀቀለ ነጭ ፓስታ 2 ግራም አይሞላም። ዘይቱና 5 ግራም፣ አቮካዶ ከ6 ግራም በላይ። አንድ ጠርሙስ ኮላ ስንት አለው? ባዶ። በምትኩ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው።

አሁን ወደ ማሰሮው እንሂድ፤ እኔ በግሌ ይህኛውን ክፍል እወደዋለሁ።

የዓለም ሕዝቦች ሳይነጋገሩ የደረሱበት አንድ ብልሃት አለ። ይኸውም ምግቡን ከመብላት በፊት ገሚሱን የመፍጨት ሥራ ለጥቃቅን ሕያዋን መስጠት ነው፤ ማብላላት እንለዋለን። እናቶቻችሁ ሊጥ ሲያቦኩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የጤፉ ዱቄት በውኃ ይቦካል፤ ካለፈው የተረፈው እርሾ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ይከደናል። በእርሾው ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችና በርካታ የኢስት ዓይነቶች አሉ። ባክቴሪያዎቹ ያኮመጥጡታል፤ ኢስቶቹ አየር ይሞሉታል። ላዩ ላይ ያቀረረው ቢጫ ውኃ ተደፍቶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ምጣድ ላይ ሲዞር ያ አየር እየወጣ ዓይን ይሠራል። ዓይን የሌለው እንጀራ ለምን እንደማይወደድ አያቶቻችን ያውቁታል፤ ሊጡ በደንብ አልቦካማ!

ማቡካቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረትና ዚንክን አጥብቆ ይይዝና ወደ ደማችን እንዳይገቡ ያግዳቸዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በተለይ እናንተ ሴቶች ልጆች በወር አበባ ምክንያት ብረት ስለሚያስፈልጋችሁ ይህን ልብ በሉ። ሌላም አለ። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ እንደ ስንዴ ገለባውን ለይቶ መጣል አይመችም፤ ከነልባሱ ይፈጫል። አሰሩ አብሮ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ሱዳኖች ከማሽላ ኪስራ ይጋግራሉ፤ ሶማሌዎች አንጀሮ። በደቡባችን የእንሰት ቆጮ በጉድጓድ ተቀብሮ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል። ራቅ ብለን ብንሄድ የደቡብ ህንድ ሰዎች ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥቁር ጥራጥሬ ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው፣ ሌሊቱን አቦክተው ጠዋት በእንፋሎት ካበሰሉት ኢድሊ ይሆናል፤ በምጣድ ካሰፉት ዶሳ ይሆናል። ዶሳን ያየ አበሻ «እንጀራ ነው እንዴ!» ሳይል አያልፍም። ድሮ በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ የነበሩት የህንድ መምህራን እንጀራችንን ሲቀምሱ ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ባለኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። እንጀራ ምጣድ ላይ ሲወጣ በሊጡ ውስጥ የነበሩት ሕያዋን በሙቀቱ ይሞታሉ። የሠሩት ሥራ ይቀራል፤ እነሱ ግን አይቀሩም። «እንጀራ በሕይወት ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉት» የሚል ማስታወቂያ ብታዩ አትመኑት። በሕይወት እያሉ የሚበሉት ሳይበስሉ የሚቀርቡት ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ዝነኛው የኮሪያ ኪምቺ ነው። ኮሪያን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን እ.ኤ.አ. በ1951 ከዘመቱባት ዕለት ጀምሮ እናውቃታለን። ክረምቷ ብርቱ ነው፤ ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከክረምቱ በፊት ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ የክረምቱን ኪምቺ በአንድ ጊዜ ያዘጋጃል፤ ልክ እኛ ዘንድ በርበሬ ሲቀነጠስ ሴቶች እንደሚሰባሰቡት ማለት ነው። ጥቅል ጎመኑ በጨው ይታሻል፤ ይታጠባል፤ ከዚያ በቀይ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጨዋማ ዓሣ ተለውሶ በእንስራ ይታሸጋል። ጨው የሚያበላሹትን ጀርሞች ሲያግድ ላክቲክ አሲድ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ይሠራሉ። ይህ የኪምቺ ደቦ ኪምጃንግ ይባላል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። በነገራችን ላይ የእነሱም ቀይ በርበሬ፣ የእኛም በርበሬ፣ ሁለቱም መነሻቸው አሜሪካ ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት ኮሪያም ኢትዮጵያም አያውቁትም ነበር። ያለ በርበሬ አበሻን ማሰብ ትችላላችሁ?

«ታዲያ እኛ ኪምቺ የለንም» እንዳትሉ። ስልጆ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እጅ አውጡ እስቲ... ይኸው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው አራት አምስት እጅ ነው። ስልጆ የጾም ምግብ ነው። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውኃ ጋር ይበስላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይጨመራል፤ ከዚያ ለቀናት ይቀመጥና ይኮመጥጣል። ዳግመኛ እሳት ሳይነካው በእንጀራ ይበላል። ኪምቺ በዓለም ሱቆች ሁሉ እየተሸጠ ነው፤ ስልጆ ግን በገዛ አገሩ ልጆች ዘንድ ሊረሳ ምንም አልቀረው። አያት ያላችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ አሠራሩን በደብተር ጻፉት። ይህን እንደ ቤት ሥራ ቁጠሩት።

እርጎም እዚሁ ይመደባል። ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮቭ ገና የጄኔቫ የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ የአገሩን እርጎ የሚያረጋውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ለይቶ አሳየ።  ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎች እርጎ የሚስማማቸው ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር ባክቴሪያዎቹ ስለሚቀንሱላቸው ነው። ወተት ያልተስማማው ሰው በሽተኛ እንዳይመስለው። ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላክቶስን በደንብ አይፈጭም።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት 36 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአሥር ሳምንት መገቧቸው። ገሚሶቹ እርጎ፣ ኪምቺና መሰል የተብላሉ ምግቦችን፣ ገሚሶቹ ብዙ አሰር ያለው ምግብ። የተብላላውን የበሉት አንጀት ውስጥ የባክቴሪያዎቹ ዓይነት በዛ፤ በደማቸው ውስጥ የመቆጣት ምልክት የሆኑ 19 ፕሮቲኖች ቀነሱ። አሰር የበሉት ላይ ግን በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። አንዱ ጥናት አሰርን ሲያነሳ ሌላው የተብላላውን ያነሳል፤ ሳይንስ እንዲህ ነው። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል አልመርጥም፤ ሽሮ በእንጀራ፣ ከጎኑ ስልጆ ወይም እርጎ ካለ ሁለቱም አንድ ትሪ ላይ ናቸውና።

ግን ጥንቃቄ! ኮሪያና ጃፓን የጨጓራ ካንሰር ከሚበዛባቸው አገሮች ውስጥ ናቸው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በጨው የቆየ ምግብ መብዛቱ ነው ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚለው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ወተትም ካልተፈላ ብሩሴላና የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መኮምጠጡ ሁሉንም አይገድልም። ወተቱን አፍሉት፣ ለብ ሲል ንጹሕ እርጎ ጣል አድርጋችሁ አርጉት። ሰላጣም እንደዚሁ ነው። በተበከለ ወንዝ ውኃ የለማ ሰላጣ አሜባና ታይፎይድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ኮምጣጤ ጣል ማድረግ አያጸዳውም። ካጠራጠራችሁ የበሰለ ጎመን ብሉ። ጥሬ ሥጋንማ ኮሶ የሚጠጡት አባቶቻችን ራሳቸው ምስክር ናቸው፤ እሱን ማስረዳት አያሻኝም።

አሁን ስለ ሆድ መንፋት። «ባቄላና ሽምብራ ስበላ ክፍል ውስጥ አፍራለሁ» ላላችሁት፤ ያ አየር የሚመጣው እነዚያ ሠራተኞች ሥራ ላይ ሲሆኑ ነው። በጥራጥሬ ውስጥ እኛ የማንፈጨው የስኳር ዓይነት አለ፤ ባክቴሪያዎቹ ሲያገኙት አየር ያወጣሉ። መፍትሔው ጥራጥሬ መተው አይደለም። አዳሩን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ በደንብ ማብሰል፣ ያልለመደ ሰው ደግሞ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። አሰር ስታበዙ ውኃም አብዙ፤ ያለ ውኃ አሰር ብቻውን ሆድ ያደርቃል። ተልባ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፤ እሱም በብዙ ውኃ። ነጭ አዝሙድን ህንዶች አጅዋይን ይሉታል፤ እነሱም ለባቄላና ለጥብስ የሚጨምሩት «ሆድ እንዳይነፋ» ብለው ነው። ባሕር የሚለያያቸው ሁለት ወጥ ቤቶች፣ አንድ ቅመም፣ አንድ ምክንያት።

«ጨጓራ» ላላችሁት ደግሞ ሰፋ አድርጌ መመለስ ይኖርብኛል፤ ብዛታችሁ አሳስቦኛልና። ለረጅም ጊዜ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀት፣ ከአሲድና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ በታማሚዎች ጨጓራ ውስጥ ጠምዛዛ ባክቴሪያ አገኙ። ማን ይመናቸው! አሲድ ውስጥ ምን ይኖራል ተባሉ። በ1984 ማርሻል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባክቴሪያውን አራብቶ በብርጭቆ ጠጣው። ቀናት ሳይቆይ አመመው፤ ያስመልሰው ጀመር። ሲመረመር ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። (ይህን ማንም እንዳይሞክር! እሱ ሐኪም ነው፣ እሱንም ሚስቱ ተቆጥታዋለች።) እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ አለበት፤ አብዛኛው ግን ምንም አይሰማውም።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? በርበሬ ያለውን ሕመም ሊያባብስ ይችላል፤ ቁስለቱን የሚያመጣው ግን እሱ አይደለም። ሽሮን ወንጅላችሁ መተዋችሁም አያድናችሁም። ባክቴሪያው ከተገኘ በሐኪም ትእዛዝ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ ከአሲድ መቀነሻ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ተሻለኝ ብሎ በአምስተኛው ቀን ማቆም ባክቴሪያውን ማለማመድ ነው። ሁለተኛው የቁስለት ምክንያት ደግሞ በየኪሳችሁ ያለው ነው፤ ለራስ ምታትም ለወር አበባ ሕመምም ከመድኃኒት ቤት የምትገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። በባዶ ሆድ፣ በየቀኑ፣ ያለ ሐኪም መውሰድ ጨጓራን ያቆስላል። በፈተና ሰሞን ቁርስ ትቶ፣ ቡና ደራርቦ፣ ከላይ ዳይክሎፌናክ የሚጨምር ተማሪ አውቃለሁ፤ ከዚያ «ሽሮው ነው» ይላል!

አንድ ነገር ልጨምር፤ ክበባችሁ የፀረ ኤች አይ ቪ ክበብ ስለሆነ ሳልነግራችሁ አልወርድም። ሳጥኑ ውስጥ «ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ቫይረሱን ያጠፋል ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚል አግኝቻለሁ። እውነት አይደለም። ምንም ዓይነት ምግብ ኤች አይ ቪን አያጠፋም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስትሯ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር ሲያሞግሱ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ለሕዝቡ ዘግይቶ ደረሰ። በሐርቫርድ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በመድኃኒቱ መዘግየት ምክንያት ከ2000 እስከ 2005 ከ330 ሺህ በላይ ሰው ሕይወቱን እንዳጣ ገምቷል። ነጭ ሽንኩርቱ ምን በደለ? እሱ ወጥ ውስጥ ሲገባ ጥሩ ነው። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ፤ በዚያ ላይ እንደማንኛችንም የተመጣጠነ ምግብ ይበላሉ። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ከሆነ ደግሞ ካልተፈላ ወተት፣ ከጥሬ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ ሰላጣ ከማንም በላይ ይጠንቀቁ።

በመጨረሻ በምግብ ልናባብላቸው የማይገቡ ምልክቶችን ጻፉልኝ። ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፤ ደም ማስመለስ፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ ከሌሊት እንቅልፍ የሚቀሰቅስ የሆድ ሕመም፤ ከሁለት ሳምንት የዘለለ ተቅማጥ። ከእነዚህ አንዱ ካለ እርጎ አልፈልግም፣ ተልባ አልፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስልጆ እናውቃለን ያላችሁት ደግሞ ወደ ፊት ኑና አሠራሩን ለጓደኞቻችሁ ንገሩልኝ።